ወደ ኋላ እየሄደ መካ የገባው ገመድ ገማጅ

እስኪ ቀድማችሁ በነቢዩ ላይ ሰለዋት አውርዱ። አወረዳችሁ? ደግ አደረጋችሁ። ጁሃር፣ አንተ ደግሞ ወዲህ ቀረብ በል። ገመዱን ከሻንጣህ አውጥተህ የጣልከው አንተ ስለሆንክ ወሬው ለአንተ ነው። «አውሮፕላን ላይ ገመድ ምን ይሠራል?» ብለህ ሳቅክ አሉ። እኔም በአንተ ዕድሜ ስቄያለሁ። አባቴ ጆሮዬን ይዞ ነው የነገረኝ። የአንተን ጆሮ አልይዝም፤ ነገ ሐጅ የሚሄድ ሰው ጆሮው አይያዝም።

ድሮ ነው። ወሬ በአፍ፣ መንገድ በእግር የሚሄድበት ዘመን ነው። ከዚህ ከወይራ አምባ ተነስቶ መካ ደርሶ ለመመለስ ዓመት ይፈጅ ነበር። ሐጅ የሚሄድ ሰው ኑዛዜውን ይናዘዛል፤ ጎረቤቱን ይቅርታ ጠይቆ አውፍ ያስብላል፤ ከዚያ ይወጣል። የተመለሰው ተመለሰ፣ ያልተመለሰውን አላህ ይወቀው።

ያኔ እዚህ መንደር አረቡ የሚባል ገመድ ገማጅ ነበር። መሬት የለው፣ በሬ የለው። ልጥ እየላጠ፣ ቃጫ እየፋቀ ገመድ ይገምዳል። ገመድ ሲገመድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አላያችሁም፤ እናንተ የምታውቁት የላስቲኩን ነው። ቃጫውን ወገቡ ላይ ይጠመጥማል። ጫፉን እዚያ ወይራው ግንድ ላይ ያስራል። ከዚያ እያጠነጠነ፣ እያከረረ ወደ ኋላ ይሄዳል። ገመዱ በረዘመ ቁጥር እሱ ይርቃል። ፊቱ ወደ ግንዱ፣ ጀርባው ወደ መንገዱ። ከጠዋት እስከ ዙህር ሶላት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዙህር እስከ ዐስር ሶላት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰዉ ይስቅበታል፤ ዛሬስ የት ደረስክ ይለዋል። ትናንት ከነበርኩበት አልፌያለሁ ይላል። ቁጣ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

በዚሁ መንደር እሜት አንሻ የሚባሉ ባለጸጋ ነበሩ። ባላቸው ሞተውባቸዋል፤ ጎተራቸው ግን ሙሉ ነው፣ በራቸው ላይ እንግዳ አይጠፋም። ወንድ ልጅ የላቸውም፣ ወንድም የላቸውም። ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ሰፊያ ናት። አንድ ቀን ሰፊያ ውሃ ልትቀዳ ስታልፍ አረቡ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኋላው አዲስ የተቆፈረ የእህል ጉድጓድ አፉን ከፍቷል።

«ከኋላህ ጉድጓድ አለ» አለችው።

ቆመ። ዘወር ብሎ ጉድጓዱን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። በማግስቱ ጉድጓዱ ተከድኖ ሳለ ስታልፍ «ከኋላህ ጉድጓድ አለ» አለችው። በሦስተኛው ቀንም አለችው። ሽማግሌ መላክ እንዳለበት ያኔ ገባው።

ሽማግሌዎቹ እሜት አንሻ ቤት ገቡ። እሜት አንሻ ሰሙና፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ልጄን የት ያደርሳታል አሉ። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ ሽማግሌዎቹም ተነስተው ወጡ። ሰፊያ ግን ሌላ አላገባም ብላ ተቀመጠች። አንድ ዓመት ተቀመጠች፣ ሁለት ዓመት ተቀመጠች። በመጨረሻ እናቷ እየመረራቸው ፈቀዱና ኒካሑ ታሰረ። እሜት አንሻ በኒካሑ ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ፤ ከዚህ ገመድ ገማጅ ጋር አፍ ለአፍ አልነጋገርም ብለውም ማሉ።

የወሎ ሴት ከማለች ማለች ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። አረቡ ጣሪያቸውን ሊከድን ይመጣል። አጠገባቸው፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ይቆማል። እሜት አንሻ ወደ ልጃቸው ዞረው «ለባልሽ ንገሪው፣ በጓሮ በኩል ያፈሳል» ይላሉ። አረቡ ሰምቷል፣ ግን ይጠብቃል። ሰፊያ በጓሮ በኩል ያፈሳል ትለዋለች። «ለእናትሽ እሺ በያቸው» ይላል። እሳቸውም ሰምተዋል፣ ግን ይጠብቃሉ። ምስኪን ሰፊያ፤ የአንድ ቤት ወሬ ሁለት ሁለት ጊዜ እያወራች ጉሮሮዋ አለቀ።

እሜት አንሻ ግን በሆዳቸው አንድ ነገር ነበረቻቸው። ባላቸው በሕይወት ሳሉ ሐጅ እወስድሻለሁ ብለዋቸው ነበር። ሳይወስዷቸው ሞቱ። ጉልበታቸው ሳይከዳቸው፣ ዓይናቸው ሳይደክም መካ ደርሰው ዐረፋ መቆም ነበር የቀራቸው ምኞት። ሌሊት ሲነቁ ይቺኑ ምኞት ያስባሉ፣ ሲሰግዱ እሷን ይለምናሉ። አንድ ቀን ተነስተው የመንደሩ ሸኽ ዘንድ ሄዱ። ሸኹም ሴት ያለ መሕረም፣ ያለ ቅርብ ወንድ ዘመድ አትሄድም፣ ማን አለዎት አሉ። አባት የለም፣ ባል የለም፣ ወንድም የለም፣ ወንድ ልጅም የለም። ሸኹም፣ የልጅዎ ባል አለ፣ የልጅ ባል ለአማቱ እስከ ዕለተ ሞቱ መሕረም ነው አሉ።

እሜት አንሻ ቤታቸው ገብተው ሦስት ቀን በራቸውን ዘጉ። በአራተኛው ቀን ሰፊያን ጠሩ።

«ለባልሽ ንገሪው» አሉ። «ስንቅ ይጫን።»

አረቡ ስንቁን ጫነ። ሰፊያም አብራቸው ስለምትሄድ ልጆቹን እህቱ ዘንድ አስቀመጠ። ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ወይራው ሥር ገመድ ሲገምድ ሰነበተ። ሰው ሁሉ ለመንገድ በሶ ሲያዘጋጅ አንተ ገመድ ትገምዳለህ ወይ ብለው ሳቁበት። «መንገዱን አላውቀውም፤ ገመድ ግን አውቃለሁ» አላቸው። ገመዱን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወጣ።

የሮመዳን ጾም ተፈትቶ፣ ዒድ አልፎ ነው የወጡት። ወደ ቆላው ወርደው ወደ ባሕር ከሚወርድ የመንገደኞች ቅፍለት ጋር ተቀላቀሉ። የቅፍለቱ ሰዎች እሜት አንሻን አዩ፤ ከበቅሎ ላይ ናቸው፣ ልብሳቸው ያማረ ነው። አረቡን አዩ፤ በእግሩ ነው፣ ገመድ ተሸክሟል። ይሄ ሰውዬ ምንዎ ነው ብለው ጠየቋቸው። እሜት አንሻ አማቼ ነው ማለት ከበዳቸው። አሽከሬ ነው አሉ። አረቡ ሰማ። የበቅሎዋን ልጓም ይዞ መንገዱን ቀጠለ። ሰፊያ ልትናገር ስትል ዓይኑን ጣል አደረገባትና ተወችው።

አሁን መጀመሪያ የገጠማቸውን ልንገራችሁ። ዓመቱ ድርቅ ነበር። በረሃው መሀል ያለው የውሃ ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ውሃው ወደ ታች ሸሽቷል። የቅፍለቱን ጠፍር ሁሉ አንድ ላይ ቋጥረው የቆዳ መቅጃውን ቢያወርዱት አልደረሰም። የአረቡን ገመድ ቀጠሉበት፤ አሁንም አልደረሰም። ድንጋይ ቢጥሉ ውሃው ከታች ጭልቅ ይላል፤ እየሰሙት ይጠማሉ። ወደ ኋላ ቢመለሱ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ወደ ፊትም ቢሄዱ እንደዚያው።

አረቡ ጨርቅ አምጡ አለ። አንዱ ጥምጥሙን ሰጠ፣ ሌላው መቀነቱን ሰጠ። አረቡ ጫፉን ከግመል ኮርቻ ላይ አስሮ እያከረረ ወደ ኋላ ሄደ። ሰፊያ ከኋላው ሆና ድንጋይ አለ፣ እሾህ አለ ትለዋለች። ገመዱ ረዘመ። አወረዱት። ሦስት ክንድ ጎደለ።

የቀረ ጨርቅ አልነበረም። አንድ ብቻ ነበር። እሜት አንሻ መካ ሲገቡ ሊለብሱት በሳጥን የያዙት፣ ቀይ ጥለት ያለው ኩታ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን አልጠየቃቸውም። እሜት አንሻ በቅሎዋን አዩ፤ ተኝታለች። የልጃቸውን ከንፈር አዩ፤ ተሰነጣጥቋል። ሳጥኑን ከፈቱ።

«ለባልሽ ንገሪው፣ ጥለቱን እንዳይቀድድብኝ» አሉ።

አልቀደደውም። ኩታውን እንዳለ አከረረው፤ ቀዩን ጥለት ወደ ውጭ አወጣው። መቅጃው ወረደ፣ ወረደ፣ ውሃ ነካ። የመጀመሪያውን ቅል አረቡ ለሰፊያ ሰጥቶ ለእናትሽ ስጫቸው አላት። እሜት አንሻ ጠጡ። አፋቸውን ጠረጉና፣ ለባልሽ ንገሪው፣ ውሃው ጭቃ ጭቃ ይላል አሉ። የቅፍለቱ ሰው በሙሉ ሳቀ። አረቡም ሳቀ።

ኩታው ግን ተመልሶ ኩታ አልሆነም። ከገመዱ ጋር እንደተገመደ ቀረ።

ከዚያ ባሕር ዳርቻ ደረሱ። ተጁራ ወደብ ላይ ባለ ሸራ ጀልባ ሐጃጆችን ትጭን ነበር። የጀልባዋ አዛዥ ጢማም፣ ጥብቅ ሰው ነው። ሰዉን አንድ በአንድ እያየ ያሳፍራል። እሜት አንሻ ዘንድ ሲደርስ መሕረምዎ ማነው አለ። እሜት አንሻ ወደ አረቡ አገጫቸውን ቀሰር አደረጉ። አዛዡ ወደ ቅፍለቱ ሰዎች ዞረ። የቅፍለቱ ሰዎች ክፋት አስበው አይደለም፤ የሚያውቁትን ተናገሩ። ይሄማ አሽከራቸው ነው፣ ራሳቸው ነግረውናል አሉ። አዛዡ ራሱን ነቀነቀ። ለመሳፈር ሲል ብዙ ሰው አሽከሩን ልጄ ይላል፣ እኔ ከአላህ ጋር አልጣላም ብሎ ሻንጣቸውን ከጀልባዋ አወረደ።

ተመልከቱ እንግዲህ። የስንት ዓመት ምኞት፣ የወር መንገድ፣ በአንዲት ውሸት ባሕር ዳር ቆመች። ከኋላ ያለው ሰው ይጋፋል፣ ሸራው ሊዘረጋ ነው። አዛዡ አረቡን ራሱን ጠየቀው። ቂመኛ ሰው ቢሆን ይቺን ቀን ነበር የሚጠብቃት።

«ጭነታቸውን የምጭን እኔ ነኝ» አለ አረቡ። «ልጃቸውን ያገባሁም እኔ ነኝ። የትኛውን እንደሚናገሩ ግን የእሳቸው ፈንታ ነው።»

እሜት አንሻ ሰው ፊት አንገታቸውን ደፍተው አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን ደፉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይሄ የልጄ ባል ነው። በሙያው አፍሬ ነበር፤ አሁን ያፈርኩት በራሴ ነው።»

አዛዡ ፊታቸውን አይቶ አመነ። ይህን ያህል የሚያሳፍር ነገር ፈጥሮ የሚናገር ሰው የለም አለና አሳፈራቸው። እሜት አንሻ ተቀመጡ፤ ሻሻቸውን አስተካከሉ፤ ወዲያው ወደ ሰፊያ ዞረው ለባልሽ ንገሪው፣ ሻንጣዬን ከእርጥቡ ያንሳልኝ አሉ። መሐላ መሐላ ነው።

ባሕሩም ዝም አላለም። ንፋስ ተነስቶ የሸራው ገመድ ተበጠሰና አረቡ ሊቀጥለው ተነሳ። ጀልባ ላይ ወደ ኋላ የሚኬድበት ቦታ አሥር እርምጃ ብቻ ነው። ያከርራል፣ ይሄዳል፣ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ሰፊያ «ከኋላህ ባሕር አለ» ትለዋለች። ሰፊያ ይቺን ቃል እስከ እርጅናዋ ድረስ እያወራች ትስቅባት ነበር ይባላል።

መካ ገቡ። ያዩትን አይቻለሁ ብዬ አልነግራችሁም፤ ጁሃር ደርሶ ሲመጣ እሱ ይንገረን። ከዚያ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ወደ ሚና ወጡ፤ በማግስቱ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ወደ ዐረፋ ሜዳ የሚጓዝበት ቀን ሆነ። ሐጅ ማለት ዐረፋ ነው። የዐረፋውን ቀን ያጣ ሐጅ የለውም፤ ሌላው ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። እሜት አንሻ ይህን ያውቃሉ። እግራቸው ግን አብጧል፣ በቅሎዋም ተጁራ ቀርታለች።

ጠዋት ሲነሱ አረቡ ገመዱን አወጣ። አንዱን ጫፍ በራሱ ወገብ፣ መሀሉን በሰፊያ ወገብ አሰረ፤ ሌላውን ጫፍ ሰፊያ በእናቷ ወገብ አሰረች። ሰዉ ባሕር ነው፣ እንዳንጠፋፋ አለ። እሜት አንሻ ጥቂት እንደሄዱ ከበዳቸው። እንደ ገበያ ፍየል ታስሬ ነው ወይ ዐረፋ የምገባው ብለው ቋጠሮውን ቀስ ብለው ፈቱት። ጫፉን በእጃቸው ብቻ ያዙ። ከጎን አንድ ትልቅ የሰው ጎርፍ መጣ። ገፋቸው። ጫፉ ከእጃቸው ወጣ።

ቀና ሲሉ ሰፊያ የለችም። አረቡ የለም። የሚያዩት ጀርባ ነው። ከፊታቸው ጀርባ፣ ከጀርባው ፊት ሌላ ጀርባ። ወንዱ ሁሉ ሁለት ነጭ ጨርቅ ለብሷል። አረቡን ቤት ሳሉ በምን ነበር የሚለዩት? በተቀደደ ጋቢው ነበር። እዚህ የተቀደደ ጋቢ የለም። ሹሙ የቱ ነው፣ ነጋዴው የቱ ነው፣ ገመድ ገማጁ የቱ ነው? ሁሉም አንድ ነው። እሜት አንሻ ይህን ያኔ አዩና ደነገጡ። ከተቀመጡ እንደማይነሱ ያውቃሉ፣ እንዳይሄዱም እግራቸው እንቢ አለ። ያ ረቢ፣ እዚህ ድረስ አምጥተህ ልታስቀረኝ ነው ወይ እያሉ አለቀሱ።

አረቡስ? ገመድ ገማጅ እጁ አይዋሽም። ገመዱ ሲቀል ወዲያው አወቀ። ተመልሶ እንዳይፈልጋቸው ያንን ሁሉ ሰው ሰንጥቆ መሄድ አይቻልም። እንዳይቆምም ይረግጡታል። አንድ ነገር ብቻ ይችላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራው የኖረው ነገር ነው። ፊቱን ወደ ኋላ አዞረ። ቀዩን ጥለት ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ያዘ። ከሰዉ ጋር፣ ሰዉ ወደሚሄድበት፣ ግን ቀስ እያለ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ሰፊያ ከጎኑ ሆና መንገዱን ታይለታለች። ድንጋይ አለ ትለዋለች፣ ሽማግሌ አለ ትለዋለች፣ ግመል አለ ትለዋለች። ሰዉ እየቀደማቸው ያልፋል። እሱ ወደ ኋላ ይሄዳል።

እሜት አንሻም በዕንባቸው መሀል አዩ። ጀርባ፣ ጀርባ፣ ጀርባ፣ ከዚያ ሁሉ ጀርባ መሀል አንድ ፊት። ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ ፊት ሲያይ አንድ ሰው ብቻ ወደ እሳቸው ያያል። ግን አላያቸውም፤ አጭር ናቸው፣ ሰዉ ውጧቸዋል። እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ከፈቱ። «ሰፊያ፣ ለባልሽ...» አሉ። ሰፊያ አትሰማም፤ እሷ ወደ ፊት ነው የምታየው። የሚነግርላቸው ሰው የለም።

«አረቡ!» አሉ። «ልጄ! እዚህ ነኝ!»

አረቡ ቆመ። ሰዉ ግራና ቀኝ እየተከፈለ አለፈው፤ እሜት አንሻም እየተገፉ መጥተው ደረቱ ላይ ወደቁ።

«አቤት እማ» አላቸው። አሥራ ሁለት ዓመት የያዛትን አቤት ነው ያወጣት።

ተንበረከከ። ሰፊያ እናቷን ጀርባው ላይ አወጣች። በዚያው ገመድ፣ ቀዩ ጥለት በሳቸው ወገብ ላይ እንዲውል አድርጋ፣ ሕፃን እንደሚታዘል አሳዘለችው። እሜት አንሻ ስለ ፍየል አላነሱም። አረቡም ያን ቀን ወደ ፊት ሄደ። እሜት አንሻ ከጀርባው ሆነው በጆሮው ይነግሩታል። ድንጋይ አለ ይሉታል፣ በቀኝህ እለፍ ይሉታል። ከዚያ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ጎተራው፣ ስለ ሟች ባላቸው፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ወሬ ሁሉ እስከ ዐረፋ ድረስ በጆሮው አፈሰሱለት። አረቡ በኋላ ሲጠየቅ ክብደታቸው አልከበደኝም፣ ወሬያቸው ነው የከበደኝ ይል ነበር።

ፀሐይ አናት ሳትደርስ ዐረፋ ገቡ። እሜት አንሻ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ምን እንዳሉ አይታወቅም፤ ሰፊያ የሰማችው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ያ አላህ፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ሰው የት እንደሚያደርስ አሳየኸኝ አሉ።

ዓመት ሞልቶ ተመለሱ። መንደሩ በሙሉ ሊቀበላቸው ወጣ። እሜት አንሻ ከበቅሎ ወርደው ያንን ሁሉ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። አሽከሬ ነው ያሉትንም አልደበቁም። ሲሞቱም መቃብር ያስገባቸው አረቡ ነው። ገመዱን ግን አብሮ አልቀበረውም። ፈታትቶ ለየቤቱ አንድ አንድ ዘለላ ሰጠ። ለሐጅ የሚሄድ ሰው ሲኖር አምጡና በአዲሱ ገመድ ውስጥ ግመዱት፣ ያልሄደውም አብሮ ይሂድ አለ።

ለዚህ ነው ሐጅ የሚሄድ ሰው ሲኖር ከየቤቱ ዘለላ የምናመጣው። ለዚህ ነው ቤተሰቡን የሚወስደው ሰው ከወይራው እስከ ወንዙ ድረስ፣ ፊቱን ወደሚወስዳቸው አዙሮ ወደ ኋላ የሚሄደው። «የአረቡን ፊት ያሳያችሁ» ብለን የምንመርቀውም ለዚህ ነው። ሰው ዘገየ ተብሎ ሲሳቅበት እኛ ወይራ አምባዎች ወደ ኋላ የሄደ መካ ገባ እንላለን።

አውሮፕላኑ ያደርስሃል፣ ጁሃር፤ ማን ከለከለህ? ግን አውሮፕላን ዐረፋ ላይ ሰው አያዝልም። አየህ፣ አማትህ እሜት ዘሐራ እዚያ ወይራው ሥር ቆመው ይጠብቁሃል። ሻንጣቸውን አስረዋል፣ እግራቸውንም እንደሚያማቸው ታውቃለህ። በል ተነስ። ገመዱን ከመሬት አንሳና አፈሩን አራግፍለት። ጫፉን ለእሳቸው ስጥ። ፊትህን ወደ እሳቸው አዙረህ ወደ ኋላ ሂድ። ጉድጓድ ካለ እኔ እነግርሃለሁ።